ዘማቹና ዜማው

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ደጋውን ጨርሶ ቆላውን ከዘለቀ በኋላ ከመተማ ያደርሳል። ከመተማ ማዶ፣ አንድ ጠባብ የወንዝ ሸለቆ ብቻ ተሻግሮ፣ ገላባት የምትባለው የሱዳን ከተማ ትገኛለች። ከገላባት ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲኬድ ሜዳው እየሰፋ፣ አፈሩም እየጠቆረ ይሄዳል፤ ማሽላና ሰሊጥ በብዛት የሚመረትበት የገዳሪፍ ምድር ይህ ነው። ተከዜም ሰቲት የሚለውን ስም ይዞ ከአትባራ ወንዝ የሚቀላቀለው በዚሁ አገር ነው። በዚህ ሰፊ ሜዳ ከሚገኙት ሰፈሮች አንዱ ስሙ ቁጥር ነው፤ መንደር 8 ይባላል።

ይህ ጠረፍ በታሪክ ብዙ ጦርና ብዙ ስደተኛ ያየ ጠረፍ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁት መተማ ላይ ነው። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚሁ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኀብ ሰሜኑን የአገራችንን ክፍል በመታ ጊዜ በገዳሪፍ የሚገኘው የኡም ራኩባ ሰፈር ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን አስጠግቷል። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣም በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። በዚያን ጊዜ መንደር 8 ስደተኞቹ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ሌሎች መጠለያዎች እስኪወሰዱ ድረስ ከሚያርፉባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር።

ሰው ቀዬውን ለቅቆ ሲወጣ የሚይዘው ዕቃ ጥቂት ነው። በሬውን፣ ጎተራውን፣ ቤቱን ትቶ ይሄዳል። ዜማው ግን ሸክም ስለማይጨምር አብሮት ይሻገራል። ይህ ድርሰት የሚያስታውሰው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ለአገሩ ነጻነት የተዋጋውን አርበኛ ነው። አርበኛው በጦረኛነቱ ብዙ ተወስቷል፤ ዘፈን ወዳድና ቤተሰቡን አፍቃሪ መሆኑ ግን እምብዛም አይነሣም። ሆኖም ጀግንነቱ፣ ዘፈኑና ቤተሰቡ በአንድ ገመድ የታሰሩ መሆናቸውን ያልተረዳ ሰው አርበኛውን በሚገባ ዐወቅሁት ሊል አይችልም።

በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ማይጨው ላይ ድል ሆነ። ሚያዝያ 27 ቀን በዚያው ዓመት የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ የተዋጋው ሰው ደመወዝ የሚከፈለው፣ ስንቅና ትጥቅ የሚታደለው ወታደር አልነበረም። ውጅግራውን ወይም ምንሽሩን ከቤቱ ይዞ፣ ዝናሩን ታጥቆ፣ በሶውን በስልቻ ቋጥሮ ዱር የገባ ገበሬ፣ መኳንንት፣ ደብተራ ወይም ተማሪ ነበር። ብዙዎች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን አስከትለው ወጥተዋል። ሚስት ስንቅ ታዘጋጃለች፤ ውኃ ትቀዳለች፤ ቁስለኛ ታስታምማለች፤ ሲያስፈልግም ትታኮሳለች። ወይዘሮ ከበደች ስዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ በጠላት እጅ ከተገደሉ በኋላ ራሳቸው ጦር መርተው ተዋግተዋል። እንግዲህ የአርበኛው ሰፈር ከጦር ሰፈርነቱ ሌላ የቤተሰብም ሰፈር ነበር። ጥይት በሚጮኽበት ዱር ሕፃን ያለቅሳል፤ እሹሩሩም ይሰማል።

በዚህ ሰፈር ከሚሰሙት ዜማዎች ዋነኞቹ ቀረርቶ፣ ሽለላና ፉከራ ናቸው። ቀረርቶ ድምፅን አስረዝሞ፣ ልብን ቀስ በቀስ እያነሣሣ የሚዜም ነው። ሽለላ ከዚያ ይፈጥናል፤ ግጥሙም ይበረታል። ስሜቱ ሲግል አንዱ ጀግና «ዘራፍ!» ብሎ ከተቀመጠበት ይነሣና መሣሪያውን ይዞ ወዲያና ወዲህ እየተንጐራደደ ይፎክራል። በዙሪያው ያሉትም «በለው!» እያሉ ያዳምቁለታል።

ፉከራን በጥሞና ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ፎካሪው ስለ ጠላቱ ከመናገሩ በፊት ስለ ቤተሰቡ ይናገራል። የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ፣ የእገሊት ወንድም መሆኑን ያስታውቃል። የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የተወለደበትን አገር ይጠራል። ሥራውንም የሚቆጥረው ከዚያ በኋላ ነው። ፉከራ በጩኸት የሚነገር ቢሆንም በውስጡ የተሸከመው የትውልድ ሐረግ ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። አርበኛው ስሙ የሰፈረበት መዝገብ፣ ሹመቱን የሚያመለክት ምልክት አልነበረውም። ማንነቱን የሚመሰክርለት ስሙን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በጎረቤቱና በዘመዱ ፊት የአባቱን ስም ጠርቶ የፎከረ ሰው ቃል ገብቷል ማለት ነው። በማግሥቱ ቢሸሽ ውርደቱ በእርሱ ብቻ አይቀርም፤ በጠራቸው ስሞች ሁሉ ላይ ያርፋል። ቢሞት ደግሞ እነዚያው ሰዎች ስሙን ወደ ቤቱ ይመልሱለታል። ስለዚህ ፉከራ መሐላም፣ ምስክርነትም፣ ለቤተሰብ የተላከ መልእክትም ነበር።

ሌሊት ሲሆን ዜማው ይለወጣል። እሳቱ ሲደክም፣ ዘበኛው ቦታውን ሲይዝ፣ ከሰፈሩ ጥግ እንጉርጉሮ ይሰማል። ክራር ወይም ዋሽንት ያለው በመሣሪያው፣ የሌለውም በድምፁ ብቻ ያንጐራጉራል። በእንጉርጉሮ ውስጥ ጠላት የለም፤ ጥይትም የለም። ያልታረሰ እርሻ፣ ያልተቀበረ ወንድም፣ ብቻዋን የቀረች እናት አሉ። ቀን «ዘራፍ!» ያለው ሰው ሌሊት ናፍቆቱን ያወጣል። ይህን መስማቱም በጓደኞቹ ዘንድ አያስንቀውም፤ ሁሉም ያንኑ ይናፍቃልና።

ጠላትም የዜማን ኃይል ተረድቶ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን ከዚያ በኋላ ግራዚያኒ ከመንደር መንደር የሚዞሩ ዘፋኞችን፣ ጠንቋዮችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን አሳድዶ እንዲገደሉ ማዘዙን ነው። ጋዜጣ በማይደርስበት አገር ወሬ የሚያደርሰው አዝማሪ ነበር። ማሲንቆውን ይዞ ከገበያ ገበያ ሲዞር በቅኔ ሸፍኖ የአርበኞችን ድል ይናገራል፤ ባንዳውን ይዘልፋል፤ ፈሪውን ያሳፍራል። መትረየስና አውሮፕላን የነበረው ኃይል ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ገመድ ያለውን ማሲንቆ መፍራቱ ዜማ ለሕዝቡ ምን ያህል ጋሻ እንደ ነበረ ያሳያል።

በዚህ ዘመን ወደ ሱዳን ከተሰደዱትና ለነጻነት ከሠሩት መካከል አንዱ ሕይወታቸው ሁሉ በዜማ የተሞላ ሰው ነበሩ። እርሳቸውም ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። የተወለዱት በጎጃም፣ በቅኔ ትምህርት በታወቀው በደብረ ኤልያስ ነው። በዚያም የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምረው ቅኔ ዐዋቂ ሆኑ። ወደ አዲስ አበባ መጥተውም በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ተማሪዎቻቸውን መዝሙር አስጠኑ፤ ተውኔትም ጽፈው አሠሩ። በአገራችን የዘመናዊ ተውኔት ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ደራስያን መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። የጠላትን ወረራ መነሻ ያደረገው «አፋጀሽኝ» ከታወቁት ተውኔቶቻቸው አንዱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ስማቸውን ያስጠራው ግን የብሔራዊ መዝሙሩ ግጥም ነው። ዜማውን የደረሰው በ1916 ዓ.ም. አርባ ልጆች ከሚባሉት ወላጅ አልባ የአርመን ወጣቶች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አርመናዊው ሙዚቀኛ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ከደብረ ኤልያስ የመጡት የቅኔ መምህርና ከባሕር ማዶ የመጣው ሙዚቀኛ በጋራ የሠሩት ይህ መዝሙር ዘውዳዊው አገዛዝ በ1967 ዓ.ም. እስኪወድቅ ድረስ የኢትዮጵያ መዝሙር ሆኖ ቆይቷል። መዝሙሩ አገሪቱን የሚጠራት በ«አንቺ» ነው፤ ልጅ እናቱን፣ ወንድም እህቱን እንደሚጠራ ማለት ነው። አርበኛው በፉከራው ቤተሰቡን አስቀድሞ እንደሚጠራ ሁሉ፣ ዮፍታሔም አገርን እንደ ቤተሰብ አባል አድርገው ጠሯት።

ቀኝ ጌታ የሚለው ማዕርግ ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በቅኔ ማኅሌት መዘምራን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። የቀኙን ረድፍ የሚመራው ቀኝ ጌታ፣ የግራውን የሚመራው ግራ ጌታ ይባላል። አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያም ተቀብሎ ይመልሳል። ማኅሌት በአንድ ወገን ብቻ አይቆምም። መሪው የቱንም ያህል ድምፀ መልካም ቢሆን ከፊት ለፊቱ የሚመልስለት ከሌለ ዜማው ይቋረጣል።

የስደት መከራም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በሱዳን የነበረው ኢትዮጵያዊ የሚበላውንና የሚጠለልበትን ቢያገኝ እንኳ የሚመልስለትን ወገን አጥቷል። በባዕድ አገር ሜዳ ላይ ተነሥቶ የአባቱን ስም ቢጠራ የሚያውቅለት ማን ነው? ጎረቤቱ ሌላ ቋንቋ ይናገራል። ፉከራው ምስክር የሌለው መሐላ፣ እንጉርጉሮውም ደራሽ የሌለው ደብዳቤ ይሆንበታል። እንዲህ ሲሆን ስደተኞች እየተፈላለጉ ይሰባሰባሉ፤ ከሌላ አውራጃ የመጣው የማያውቀውን የጓደኛውን አባት ስም ያጠናል። ዘመድ ያልነበሩት በዜማ ምክንያት ዘመድ ይሆናሉ።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ዐወጀች። በዚህም የኢትዮጵያ ጉዳይ የዓለም ጦርነት ጉዳይ ሆነ። በዚያው ወር መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ካርቱም ደረሱ። በነሐሴ ወር በኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራ ቡድን ከአርበኞች ጋር ለመገናኘት ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ጎጃም ገባ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ገላባት ላይ ብርቱ ውጊያ ተደረገ። ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። በስደት ከነበሩ ኢትዮጵያውያን የተውጣጡ ተዋጊዎችና የሱዳን ወታደሮች አብረው ተጓዙ። ስንቃቸውን የጫኑት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎችም በመንገዱ ክፋት አለቁ። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ተደረሰ። ስደተኛው ወደ አገሩ ሲገባ የአገሩን አርበኛ አገኘ፤ የቀኙ ረድፍ የግራውን ረድፍ አገኘ ማለት ነው።

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔም ከነጻነት በኋላ በመንግሥት ሥራ አገልግለው በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። ከስደት ከተመለሱ በኋላ የኖሩት ጥቂት ዓመት ብቻ ነው።

የዘማቹ ልማድ ግን በዚያ አላበቃም። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ዘመተ። ተራ በተራ ከዘመቱት ከ6 ሺህ የሚበልጡ ወታደሮች ውስጥ ከ120 በላይ የሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፤ አንድም ግን በጠላት አልተማረከም። እነዚህ ወታደሮች ደመወዝና መለዮ ነበራቸው፤ በመዝገብም ተጽፈዋል። ሆኖም ብዙዎቹ ያደጉት አባቶቻቸው ሲፎክሩ እየሰሙ ነው፤ ጓደኛን ጥሎ መሸሽ በቤተሰብ ስም ላይ የሚወድቅ ውርደት መሆኑን የተማሩትም ከዚያው ነው። ዜማውም በአዲስ መልክ ቀጠለ። ዘማቾቹ የወጡበት የክብር ዘበኛ ጦር የራሱ የሙዚቃ ክፍል ነበረው፤ ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድን የመሰሉ ድምፃውያን ከዚህ ክፍል ጋር ዘፍነዋል።

ጦርነት አልፎ ሰላም ሲሆን የድሮው ዘማች ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያርሳል፤ ይነግዳል፤ ልጆች ያሳድጋል። ሠርግ ላይ ሲጋበዝ ጠጅ ቀምሶ ይነሣና ይፎክራል። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፤ ልጆቹ ግን ከንፈራቸውን ነክሰው ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹም ያፍራሉ። ሚያዝያ 27 ቀን በየዓመቱ በአዲስ አበባ በአራት ኪሎው አደባባይ የድሉ በዓል ሲከበር ጎፈር ደፍተውና ሜዳይ ደርድረው የሚሸልሉ ሰዎች ይታያሉ። ተመልካቹ ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል። የሚጠሯቸውን ስሞች ግን ምን ያህሉ ያዳምጣል?

እዚህ ላይ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ልጆች ከአባታቸው የሚሰሙት ብዙውን ጊዜ ፉከራውን ነው፤ እንጉርጉሮውን አይሰሙም። ወይም ቢሰሙት አያስተውሉትም። ሽማግሌው ማታ ጋቢውን ተከናንቦ በልጅ ልጁ ራስ ላይ ዝግ ባለ ድምፅ ሲያንጐራጉር፣ እንቅልፍ ያስተኛዋል እንጂ ታሪክ ይነግራታል ብሎ የሚያስብ የለም። ነገር ግን በዚያ ዝግ ባለ ዜማ ውስጥ በዱር የቀሩ ጓደኞች፣ በመንገድ የሞተ ሕፃን፣ ዳግመኛ ያልታየች እህት ሊኖሩ ይችላሉ። ሜዳዩ ስለ ድሉ ይናገራል፤ የድሉን ዋጋ የሚናገረው እንጉርጉሮው ነው።

ማይጨው የዘመቱት፣ በጎጃምና በበጌምድር በሸዋም ዱር የገቡት፣ በገላባትና በኦሜድላ የተሻገሩት ዛሬ ከጥቂቶች በቀር በሕይወት የሉም። ዜማቸውን የሚያውቁት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። እነዚህም በጦርነትና በችግር ምክንያት በየአገሩ ሲበተኑ፣ ቀዬው ሲፈርስ፣ የሚያዜመውና የሚመልሰው ይለያያሉ። በ2013 ዓ.ም. በመንደር 8 ካረፉት ስደተኞች መካከል ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም ነበሩ። ለእነርሱ ዱቄት፣ ውኃና ድንኳን ማቅረብ የሕይወት ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ዜማን በራሽን ማደል አይቻልም። ሽማግሌው የሚጠራውን ስም የሚያውቅ ሰው ከጎኑ ከሌለ፣ ስሙም ዜማውም ከእርሱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ በየቤቱ ያለ ወጣት ሊሠራው የሚችል ሥራ አለ። የድሮ ዘማች በቤተሰቡ ወይም በጎረቤቱ ካለ፣ ሲፎክር ከመሳቅ ይልቅ የሚጠራቸውን ስሞች በደብተሩ ይጻፍ። ያ ሰው ማን ነበር? የት ወደቀ? ዜማውን ከማን ተማርከው? ብሎ ይጠይቅ። ዘማቹ ራሱ ካለፈ ባለቤቱን፣ እኅቱን፣ ልጁን ይጠይቅ፤ ምክንያቱም ሴቶች በሙሾና በእሹሩሩ ያቆዩት ታሪክ ወንዶች በፉከራ ካቆዩት አያንስም። ዜማውን የሚቀዳበት መሣሪያ ካለው ይቅዳው፤ ከሌለውም ቃሉን እንደ ሰማው ያጥናው።

የቀደመው ትውልድ ድርሻውን ፈጽሟል፤ ተዋግቷል፤ ተሰድዷል፤ አዚሟል። ማኅሌት ግን ሁለት ረድፍ ይፈልጋል። የሽማግሌው ድምፅ ሳይጠፋ ተቀብሎ መመለስ የተከታዩ ትውልድ ፈንታ ነው።